የአረንደል ኧርል መልክ በመዳብ ላይ፦ ይህ ወረቀት የሆላር እጅ ሥራ ይሆን?

የስትራንድ ሌሊት

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ለንደን ነው፤ ስትራንድ አካባቢ የሌሊት ጥበቃ እሠራለሁ። ጠዋት ስወጣ ወደ ቴምፕል ባቡር ጣቢያ የምወርድበት መንገድ አረንደል ስትሪት ይባላል። አራት ዓመት ሙሉ ጽሑፉን እያየሁ አለፍኩ እንጂ ሰውየው ማን ነበር ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ግን አንድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ገብቼ፣ በካርቶን ውስጥ ከታጨቁ የድሮ ወረቀቶች መካከል የአንድ ሰው መልክ መዝዤ አወጣሁ። ረዘም ያለ ፊት፣ ሾል ያለ ጢም፣ የብረት ጥሩር፣ ደረቱ ላይ በሪባን የተንጠለጠለ ሜዳሊያ። ዓይኑ ያየኛል ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነው። የታችኛውን ጠርዝ አንድ ሰው በመቀስ ቆርጦታል፤ ከተረፈው ግማሽ መስመር ላይ "አረንደል" የሚለው ቃል ይነበባል። 15 ፓውንድ ከፍዬ ገዛሁት።

ቤት ገብቼ ሳነብ ሰውየው ቶማስ ሃዋርድ እንደሆነ ደረስኩበት፤ የአረንደል ኧርል፣ ከ1585 እስከ 1646 የኖረ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ኧርል ከዱክና ከማርኪስ ቀጥሎ ያለ የእንግሊዝ መኳንንት ማዕረግ ነው። ሥዕልና የጥንት ሐውልት በመሰብሰብ በዘመኑ የሚተካከለው ጥቂት ነበር። ቤቱም እኔ በየቀኑ የምረግጠው መሬት ላይ፣ ከስትራንድ እስከ ቴምዝ ወንዝ ድረስ የተዘረጋ ነበር። ቬንሴስላውስ ሆላር የሚባል የፕራግ ተወላጅ ቀራጭ (ሥዕልን በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀርጾ በወረቀት የሚያትም) በሥሩ ይሠራለት እንደነበርም አነበብኩ። አሁን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ይህ ወረቀት የሆላር ሊሆን ይችላል? እንዴትስ ይታወቃል?

መዳብና ቀለም

ወንድሜ፣ ደስታውን ትንሽ እናቆየው። አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሳለሁ የተማርኩት ሕትመት ነው፤ መዳብ በእጄ ቀርጫለሁ፣ በአሲድም አስበልቻለሁ። በእኔ በኩል ፊቱን ከማየት በፊት ወረቀቱን ማየት ይቀድማል።

መስኮት ላይ ለጥፈህ ብርሃን አሳልፍበት። በሆላር ጊዜ ወረቀት የሚሠራው ተነክሮ ከተወቀጠ የጨርቅ እላቂ ነበር። የተወቀጠውን ድፍድፍ በሽቦ ወንፊት ያነሱታል፣ ውሃው ይንጠባጠባል፣ የሽቦው አሻራ ግን ወረቀቱ ውስጥ ይቀራል፦ በአንድ አቅጣጫ ጥቅጥቅ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች፣ እነሱን እያቋረጡ ደግሞ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ተራርቀው የሚወርዱ ሌሎች መስመሮች። ከሌሉ፣ ብርሃኑ እንደ ስስ ደመና ወጥ ሆኖ ካለፈ፣ ሆላርን እርሳው። እንደዚያ ያለ መስመር አልባ ወረቀት በአውሮፓ መጽሐፍ ላይ የታየው በ1757 ነው።

ቀጥሎ አጉሊ መነጽር ያዝ። በመዳብ ላይ ሁለት ዓይነት መስመር አለ። አንደኛው መቅረጫ ብረቱ መዳቡን እየፋቀ የሚያወጣው ነው፤ ሲጀምር ቀጭን፣ መሃል ላይ ወፈር፣ ሲጨርስ እንደ መርፌ ይሾላል። ሌላው የአሲድ ነው። ቀራጩ መዳቡን በሰም ይሸፍናል፣ በመርፌ ይጭረዋል፣ አሲዱም የተጫረውን ብቻ ይበላል። የአሲድ መስመር ውፍረቱ ብዙም አይለዋወጥም፣ ጫፉም ዱልዱም ነው። ሆላር በብዛት የሠራው በአሲዱ ነው። ሦስተኛ ነገር ካየህ፣ ጉንጩና ግንባሩ በመስመር ሳይሆን በነጠብጣብ ተሞልቶ ካገኘኸው፣ ንገረኝ።

በመጨረሻ፣ ዙሪያውን በጣትህ ዳስ። መዳቡ ከእርጥብ ወረቀት ጋር በማተሚያው ሲጨፈለቅ የሰሌዳውን ጠርዝ አሻራ ይተዋል፤ ያ ጉድባ አለ?

አንባቢ ከሐዋሳ

ጥያቄዬን ለማቃለል አትውሰዱብኝ፣ ከልቤ ነው። ይህን ሰው ሩበንስ ስሎታል፣ ቫን ዳይክ ስሎታል። ሥዕሎቹ ዛሬም አሉ፤ በስልካችን ልናያቸው እንችላለን። ታዲያ ከሥዕል ላይ የተገለበጠ ጥቁርና ነጭ ወረቀት ምን ይጨምርልናል? ቀራጩ ሰውየውን ፊት ለፊት ያየው አይደለም፣ ሌላ ሰው የሳለውን ነው የገለበጠው። ደግሞ እንዲህ የምንጨነቀው በሀብት ላይ ሀብት ስለደረበ የእንግሊዝ ባላባት ነው። የእኛ ሰው ስንት ያልታየ ቅርስ አለው።

የመዛግብት ልጅ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። አንተ "ባላባት" ያልከው ሰው ሲወለድ ማዕረግ አልነበረውም። የወረሰው ክስ ነው።

ቅድመ አያቱ ሄንሪ ሃዋርድ፣ ገጣሚው የሰሪ ኧርል፣ በ1547 አንገቱ ተቀላ። የዚያ ሰው አባት፣ ሦስተኛው የኖርፎክ ዱክም ሞት ተፈርዶበት ነበር፤ ሊገደል ሲል ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሞተና ተረፈ። አያቱ፣ አራተኛው ዱክ፣ በ1572 ተሰየፈ። አባቱ ፊሊፕ በካቶሊክ እምነቱ በለንደን ግንብ ታሰረ፤ አሥር ዓመት ገደማ ከቆየ በኋላ በ1595 እዚያው አረፈ፣ የተወለደለትን ልጅ አንድ ቀን እንኳ በዓይኑ ሳያይ። ልጁ ቶማስ ነው። የቤተሰቡ ዱክነት ተገፎ፣ ርስቱ ተወርሶ፣ በእናቱ እጅ አደገ።

በ1604 ንጉሥ ጄምስ የአረንደልንና የሰሪን ማዕረግ መለሰለት። በ1611 የእንግሊዝ ከፍተኛ የክብር ኒሻን የሆነውን የጋርተር ኒሻን ተሸለመ፤ አንተ ደረቱ ላይ ያየኸው ሜዳሊያ የዚያ ኒሻን ቅዱስ ጊዮርጊስ ሳይሆን አይቀርም። በ1621 ደግሞ ኧርል ማርሻል ሆነ፣ የመኳንንቱን የዘር ሐረግ፣ አርማና ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠረው ትልቁ ሹም። ዱክነቱን ግን ሳያስመልስ ሞተ፤ በ1660 ያገኘው የልጅ ልጁ ነው።

አሁን ወደ ሕትመቱ ተመለስ። ሥዕሉ ላይ ፊት አለ። ሕትመቱ ላይ ፊትም አለ፣ ከሥሩም ጽሑፍ አለ፦ የዚህ ኧርል፣ የዚያ ባሮን፣ የዚህ ኒሻን ባለቤት እያለ ማዕረጉን በላቲን ይደረድራል። ሌላው መኳንንት ሲያደርገው ልማድ ነው። ሦስት ትውልድ ስሙ የተፋቀበት ሰው ሲያደርገው ግን የተነጠቀውን በመዳብ እያስመዘገበ ነው። ሥዕሉ በአንድ አዳራሽ ይሰቀላል፤ ከአንድ የመዳብ ሰሌዳ ግን በመቶ የሚቆጠር ወረቀት ይወጣል፣ አንትወርፕም ፓሪስም ይደርሳል። አያቶቹንም አልረሳም። የሩበንስ ቀራጭ የነበረው ሉካስ ፎርስተርማን በ1620ዎቹ ወደ እንግሊዝ ሲመጣ ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ ሆልባይን የሳለው የዚያ ከሰይፍ ለጥቂት ያመለጠው ሦስተኛ ዱክ መልክ ነው።

ስለዚህ የስትራንዱ ወንድማችን ያገኘው ወረቀት ላይ በጣም የሚያሳዝነኝ የተቆረጠው የታችኛው ጠርዝ ነው። ሰውየው ይነበብልኝ ያለው እሱን ነበር።

አንባቢ ከሐዋሳ

እህቴ፣ የአባቱን ታሪክ አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ግን እንግዲያው ይህ ሕትመት ራስን ማስተዋወቂያ ነው ማለት ነው። እውነተኛ መልክ ነው ብለን ልናምነው አይገባም።

የመዛግብት ልጅ

ራስን ማስተዋወቂያ መሆኑ እውነት ነው፤ እንደዚያ አድርጎ ማንበብም ይገባል። ምሳሌ ልስጥህ። በ1639 ቻርልስ 1ኛ በስኮትላንዶች ላይ ሲዘምት አዛዥ ያደረገው አረንደልን ነው። የጦር ልምድ የሌለው፣ ዕድሜውን በሐውልትና በመጻሕፍት መካከል ያሳለፈ የ50ዎቹ ሰው። በዚያው ዓመት ሆላር በፈረስ ላይ ያለ የጦር አለቃ አድርጎ ቀረጸው። ዘመቻው ግን ይህ ነው የሚባል ውጊያ ሳይደረግበት በበሪክ ስምምነት አለቀ። ፈረሱ ወረቀቱ ላይ ይራመዳል፣ ውጊያው አልነበረም። እኔ ይህን ሳይ ሐሰት ነው ብዬ አልጥለውም፤ አንድ ቤተሰብ እንዴት መታየት እንደፈለገ የሚነግረኝ ሌላ ሰነድ የለኝም።

መዳብና ቀለም

"የተገለበጠ" ስለተባለው አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም እጄ የሚያውቀው ጉዳይ ነው። ቀራጭ ቀለም የለውም። ቫን ዳይክ ጥሩሩን ለማብረቅ ጥቂት ነጭ ቀለም ጠብ ያደርጋል፤ ቀራጩ የሚያበራው ባለመንካት ነው። የመዳቡን ያን ቦታ ሳይነካ ትቶ ዙሪያውን በመስመር ያጠቁራል። ፀጉሩን በአንድ ዓይነት መስመር፣ ቆዳውን በሌላ፣ ሐሩን በሌላ መናገር አለበት። ያውም ሁሉን በግልባጭ፣ ምክንያቱም ሲታተም ግራው ቀኝ ይሆናል። ይህን የረሳ ቀራጭ ሰይፉን በቀኝ ጎን ያስታጥቅሃል። ፊደሎቹንም ከቀኝ ወደ ግራ፣ ፊታቸውን አዙሮ ይቀርጻል። አንድ ፊደል ቢሳሳት መዳቡን ፍቆ፣ በጀርባው ቀጥቅጦ፣ አለስልሶ እንደገና ነው። እኔ ስሜን በግልባጭ ለመቅረጽ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ይህ መገልበጥ ሳይሆን ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ መመለስ ነው።

ጋሽ የድሮ ሰው

ልጆቼ፣ ስታወሩ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። መዳብ ይፋቃል ስላላችሁ የምታውቁትም የማታውቁትም እንድትሰሙት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ቫን ዳይክ በ1633 ቻርልስ 1ኛን በነጭ ፈረስ ላይ ስሎታል። ንጉሡ ከፓርላማው ጋር በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት ተሸንፎ በ1649 ተሰይፎ፣ የፓርላማው ወገን የጦር መሪ ክሮምዌል ሥልጣን ሲይዝ፣ ፒየር ሎምባር የተባለ ፈረንሳዊ ቀራጭ ያንኑ ፈረስና አቀማመጥ ወስዶ በላዩ የክሮምዌልን ራስ አስቀመጠ። በኋላ ጊዜው ሲለወጥ ራሱን ፋቀው፤ ራስ የሌለው ፈረሰኛ የታተመበት ወረቀት ዛሬም አለ። ከዚያ የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ራስ ገባ፣ ከዚያ እንደገና ክሮምዌል፣ በመጨረሻም ራሱ ቻርልስ። ሰሌዳው አንድ፣ ፈረሱ አንድ፣ ባለ ራሱ ተራ በተራ።

እና የስትራንዱ ልጄ፣ ያገኘኸው ፊት የማን እንደሆነ ከተረፈው ግማሽ መስመር ብቻ አትወስን። ጥሩርና ጢም ያ ዘመን ሁሉ ነበረው።

የስትራንድ ሌሊት

ጋሼ፣ ከምክርዎ በኋላ ፊቱን ከሩበንስና ከቫን ዳይክ ሥዕሎች ጋር አስተያየሁት። አፍንጫውና የዓይኑ ከባድ ቆብ አንድ ነው፤ እሱ ራሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወረቀቱን ግን መስኮት ላይ ለጠፍኩት። መስመር የለም። እንደ ደመና ነው ያሉኝ እንደዚያው። አጉሊ መነጽር ከሥራ ባልደረባዬ ተዋስኩ፦ ፀጉሩና ጥሩሩ ላይ መስመር አለ፣ ጉንጩና ግንባሩ ላይ ግን በሙሉ ነጠብጣብ ነው፣ እንደ ጤፍ ዘር የተበተነ። የሰሌዳ ጠርዝ አሻራ የለም፣ አራቱም ጎን ተቆርጧል። መልሱን የገመትኩ ይመስለኛል፣ ግን ከእናንተ ልስማ።

መዳብና ቀለም

እውነቱን ልንገርህ፤ የሆላር አይደለም። የ17ኛው ክፍለ ዘመንም አይደለም። ፊትን በነጠብጣብ መሙላት እንግሊዝ ውስጥ የተስፋፋው በ18ኛው መጨረሻ ነው፤ ከወረቀቱ ጋር ሲደመር የእኔ ግምት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጽሐፍ ቅጠል ነው። ኤድመንድ ሎጅ የተባለ የአርማና የዘር ሐረግ ሊቅ ከ1814 ጀምሮ የታላላቅ ሰዎችን መልክ ከሕይወት ታሪካቸው ጋር ያሳትም ነበር። ያንተ ከዚያ ይሁን ከሌላ መጽሐፍ አልፈርድም፤ ወገኑ ግን ያ ነው።

መቀሱም ታሪክ አለው። ጄምስ ግሬንጀር የተባለ ቄስ በ1769 በተቀረጹ መልኮች ላይ የተመሠረተ የእንግሊዝ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ካወጣ በኋላ፣ ሀብታሞች መልኮችን ከየመጽሐፉ እየቆረጡ በራሳቸው መጽሐፍ ውስጥ መለጠፍ ያዙ። በዚያ ምክንያት ስንት መጽሐፍ ተበላሽቷል።

የመዛግብት ልጅ

አይክፋህ። ደግሞ ለንደን ነው ያለኸው። የብሪቲሽ ሙዚየም የሕትመትና የንድፍ ክፍል የጥናት አዳራሽ አለው፤ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም፣ ቀጠሮ ይዘህ መታወቂያ አሳይተህ ትገባለህ። ሆላርን አምጡልኝ ብለህ ጠይቅ። በመስታወት ውስጥ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያስቀምጡልህ።

ከጎንደር ነኝ

የሐዋሳው ወንድሜ "የእኛ ሰው" ስላልክ፣ በዚያው ዘመን በዚያው ጥበብ መልኩ የተቀረጸ የእኛ ሰው አለ። አባ ጎርጎርዮስ፣ የመካነ ሥላሴው። በ1649 ሮም፣ በአበሾች ገዳም በቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ከጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ በ1652 ደግሞ ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄደው ግእዝና አማርኛ አስተማሩት። ሉዶልፍ በኢትዮጵያ ታሪክ ላይ ጽፎ በ1691 በፍራንክፈርት ካሳተመው ሐተታ ጋር የእሳቸው መልክ አብሮ ወጥቷል። አባ ጎርጎርዮስ ግን በ1658 በመርከብ አደጋ ሰጥመው አርፈዋል። መጽሐፉ ሲወጣ ካረፉ 33 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሉዶልፍ መምህሩን በዓይኑ ያውቃቸው ስለነበር ያን መልክ ሳይ እምነት እጥላለሁ።

አንባቢ ከሐዋሳ

ይህን አላውቅም ነበር። ፈልጌ አየሁት፤ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተመለከትኳቸው። "ምን ይጨምርልናል" ያልኩትን አንስቻለሁ። የእሳቸው መልክ በመዳብ ላይ ባይቀረጽ ኖሮ ዛሬ የምናየው ፊት አይኖርም ነበር፤ ለአረንደል ሩበንስ ነበረለት፣ ለአባ ጎርጎርዮስ ግን መዳቡ ብቻ ነው።

የስትራንድ ሌሊት (ከአምስት ሳምንት በኋላ)

ሄድኩ። የሌሊት ሥራዬን ጨርሼ፣ ቤት ሳልገባ፣ ታጥቤ ሸሚዝ ቀይሬ።

ቦርሳ ውጭ ይቀመጣል፣ እስክሪብቶ አይገባም፣ እርሳስ ብቻ። አንዲት ሠራተኛ ትልልቅ ጥቁር ሣጥኖች አምጥታ ወረቀቶቹ የተጣበቁበትን ካርቶን በሁለት እጅ እንዴት እንደሚይዙት አሳየችኝ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መጀመሪያ ያየሁት የ1641ዱን የስትራፎርድ ኧርል፣ የንጉሥ ቻርልስ ዋና ሹም የነበረውን ሰው፣ ችሎት ነው። ዌስትሚንስተር አዳራሽ ሙሉውን፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው በደረጃ በደረጃ ተቀምጦ። እያንዳንዱ ባርኔጣ ከምስር ፍሬ ያንሳል። ማን የት እንደተቀመጠ በፊደል ምልክት ተደርጎ ከዳር ተዘርዝሯል። ያን ችሎት በሰብሳቢነት የመራው አረንደል ነው፤ በዝርዝሩ ፈልጌ አገኘሁት። ፊት የለውም ማለት ይቻላል፣ ሁለት ሦስት ጭረት ነው። አባቱ ሞት ተፈርዶበት የሞተ ሰው፣ እዚያ ተቀምጦ የሌላውን የሞት ክስ እየሰማ። በአጉሊ መነጽሩ ላይ ጎንብሼ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም።

ከዚያ የቤቱ ግቢ መጣ። ሆላር የአረንደልን ቤት ግቢ በሁለት ወረቀት ቀርጾታል፣ አንዱ ወደ ሰሜን አንዱ ወደ ደቡብ፣ 1646 ይላል። የመዛግብት ልጅ፣ አንቺ እንደምትወጂው ከሥር ያለውን ጽሑፍ ነው ቀድሜ ያየሁት። ያኔ ሆላር የእንግሊዝን የእርስ በርስ ጦርነት ሸሽቶ አንትወርፕ ነበር። አረንደል በ1642 ከእንግሊዝ ወጥቶ አልተመለሰም፤ በዚያው በ1646 ፓዱዋ ላይ ሞተ። ግቢው ቤተ መንግሥት አይመስልም። ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች፣ ጣሪያዎች፣ ሰዎች ቆመው። ከባሕር ማዶ ሆኖ የጌታውን ግቢ የጣሪያ ክዳን ሳይቀር እየጫረ የሠራ ሰው ነው። በ1636 ኮሎኝ ላይ አረንደል ወደ ቅድስት ሮማ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት በመልእክት ሲሄድ አግኝቶ ባይወስደው ኖሮ እንግሊዝን ላያያት ይችል ነበር።

መስመሮቹ፣ መዳብና ቀለም እንዳልከው፣ ጫፋቸው ዱልዱም ነው። ለይቻቸዋለሁ! ቀለሙ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ይታያል፣ በጎን ብርሃን ሲያዩት ጥላ አለው። ፎቶ ላይ ይህ የለም።

ሆላር በሰዓት አራት ፔንስ ይከፈለው እንደነበረ፣ የአሸዋ ሰዓት ከፊቱ አስቀምጦ ሰው ሲያናግረው አሸዋው እንዳይፈስ ያጋድመው እንደነበረ ይተረካል። እኔም በሰዓት ነው የሚከፈለኝ፤ ይህን ሳነብ ሰውየውን የማውቀው መሰለኝ።

ወደ ቤት የተመለስኩት በአረንደል ስትሪት ነው። ቤቱ በ1680ዎቹ ፈርሷል፤ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ፣ ታች ወንዙ፣ እነዚያ ብቻ አሉ።

የ15 ፓውንዱን ወረቀት አልሸጠውም። አሲድ በሌለው ካርቶን ላይ አስቀምጬ፣ የተቆረጠው ጠርዝ እንዲታይ አድርጌ በመስታወት አስገብቼዋለሁ።

መዳብና ቀለም

መስታወቱ ወረቀቱን እንዳይነካው፣ በመሃል ካርቶን ይግባ። ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳም አርቀው።

የስትራንድ ሌሊት

አርቄዋለሁ። ለሚቀጥለው ወር ሌላ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ፎርስተርማን የቀረጸውን የሦስተኛውን ዱክ መልክ ለማየት። ለንደን ያላችሁ ከፈለጋችሁ በግል ጻፉልኝ፣ አብረን እንገባለን።